ኢድ በስታዲየም፦ ለነዋሪውና ለነጋዴው ምን ያመጣል፣ ምንስ ይወስዳል?



የኢድ ንጋት አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚመስል አብዛኞቻችን እናውቃለን። ከሱብሒ በኋላ ተክቢራው ከየሰፈሩ ይነሳል፤ ሕዝቡም ነጭ ለብሶ፣ ልጆቹን እየመራ ወደ ስታዲየም ይጎርፋል። እኛም ከግቢ በቡድን ሆነን፣ መስገጃችንን ጠቅልለን እንወጣለን። ሰላቱ ይሰገዳል፣ ኹጥባው ይደመጣል፣ ከዚያ ተቃቅፈን «ኢድ ሙባረክ» ተባብለን ወደ ዘመድና ወደ ጓደኛ ቤት እንበተናለን። ከእኛ በኋላ አስፋልቱ ላይ ምን እንደሚቀር ዞር ብለን የምናይ ግን ጥቂቶች ነን።

ባለፈው ኢድ ከመካከላችን የተወሰንን ልጆች የጠፋ ጓደኛ ስንጠብቅ ወደ ኋላ ቀርተን ነበር። አስፋልቱ ላይ ለመስገጃ ተነጥፎ የነበረ ላስቲክና ካርቶን፣ የውኃ ፕላስቲክና የተምር ፍሬ ተበታትኗል። መንገድ ጠራጊ እናቶች ነጠላቸውን አገልድመው ከአንዱ ጫፍ ጀምረዋል። ከማዶ አንድ ባለሱቅ በሩን ገርበብ አድርጎ መኪና እስኪለቀቅ ይጠብቃል። «እንኳን አደረሳችሁ!» አለን ፈገግ ብሎ። እኛም «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልነው። መንገድ ላይ ግን አንዱ ጓደኛችን «ይሄ ሰውዬ ለእኛ በዓል ስንት ሰዓት ሥራ ፈታ?» ሲል ጠየቀ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው። በዓላችን ለከተማው ሰው ምን ያመጣለታል? ምንስ ይወስድበታል? ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

ለምን ከመስጊድ ወጥተን እንሰግዳለን?

የኢድን ሰላት ሜዳ ላይ መስገድ ሱና ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊዳቸው አጠገባቸው እያለ ለኢድ ሰላት ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። ወንዱም ሴቱም፣ ትልቁም ትንሹም እንዲወጣ ያበረታቱ ነበር፤ በወር አበባ ምክንያት የማይሰግዱ ሴቶች እንኳ ወጥተው በዱዓው እንዲካፈሉ አዘዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በየመስጊዱ ተከፋፍሎ የሚሰግደው ማኅበረሰብ በዚያ ቀን አንድ ላይ ይታያል።

አንድ ልዩነት ግን ልብ እንበል። የመዲናው የኢድ ሜዳ ከመኖሪያው ወጣ ያለ ገላጣ ቦታ ነበር። የእኛው ሜዳ ያለው ደግሞ በከተማው እምብርት ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ወደ 35 ሺህ ሰው የሚይዝ ሲሆን ለኢድ የሚወጣው ሕዝብ ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ሰልፉ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ወደ ለገሃር፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ቦሌ መንገድ ይፈሳል። አስፋልቱ መስጊድ ይሆናል ማለት ነው። ያ አስፋልት ደግሞ በሌላ ቀን የታክሲ መስመር፣ የሱቅ ደጃፍ፣ የሆስፒታል መንገድና የሰው ቤት መግቢያ ነው። የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ይህን ስንል መውጣታችን ስህተት ነው ማለታችን አይደለም። የሙስሊሙ በዓላት በዚህች አገር እንደ ብሔራዊ በዓል የማይቆጠሩበት ረጅም ዘመን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሙስሊሞችና ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያን ወገኖች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በሥራ ዝግ በዓልነት የታወቁት ከአብዮቱ በኋላ ነው። ስለዚህ በኢድ ቀን አደባባይ መውጣታችን አባቶቻችንና እናቶቻችን የደከሙበት መብት ነው። ይሁን እንጂ የእኛ መብት መከበሩ የመንገዱን ሐቅና የጎረቤቱን ሐቅ አይሽረውም።

በተዘጋው መንገድ ውስጥ ያለው ሰው

በየዓመቱ ከኢድ በፊት የከተማው ፖሊስ ዝግ የሚሆኑትን መንገዶች ያስታውቃል። ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ ይህ «በሌላ መንገድ ልሂድ» ማለት ብቻ ነው። በተዘጋው አካባቢ ውስጥ ለሚኖረውና ለሚሠራው ሰው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው።

ታክሲውን እንውሰድ። ሚኒባሱ ከንጋት በፊት ሙሉ ሙሉ እየጫነ ሰጋጁን ያመጣል፤ ያ ሰዓት ለሾፌሩና ለረዳቱ ጥሩ ሰዓት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን በስታዲየም በኩል የሚያልፉት መስመሮች ይቆማሉ። ሾፌሩ በዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ነዳጁ ያልቃል፣ ምልልሱ ይቀንሳል። ለመኪናው ባለቤት የሚያስገባው የቀን ገቢ ግን ኢድ ነው ተብሎ ላይቀነስለት ይችላል። ተሳፋሪው ደግሞ አንድ ጊዜ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ይደርሳል፤ ወይም በእግሩ ይሄዳል። ወጣት ቢሆን ይራመደዋል። ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት እናት ከሆነች ነገሩ ይከብዳል። ዘውዲቱ ሆስፒታል ከስታዲየም ሩቅ አይደለም፤ በተዘጋ መንገድ መሐል ለአምቡላንስ የሚሆን ክፍተት መኖርና አለመኖር የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሱቁስ? እዚህ ላይ ሁሉም ነጋዴ አንድ አይደለም። የኢድ ጠዋት ለጀበና ቡና፣ ለሻይና ለሳንቡሳ ሻጭ፣ ለውኃና ለጁስ ነጋዴ፣ ለፊኛና ለአሻንጉሊት አዟሪ የገበያ ቀን ነው። ከሰላት የሚመለስ ሕዝብ ይጠማዋል፣ ልጅም ያለ ፊኛ አልሄድም ይላል። የመኪና መለዋወጫ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ወይም የቤት ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ ግን በሩ ላይ በሺዎች ሲያልፉ እያየ አንድም ደንበኛ አይገባለትም። ጭነት የሚያወርደው የቀን ሠራተኛም መኪና ካልገባ የቀን ገቢው የለም። ሰው በዛ ማለት ገበያ ደራ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የነዋሪውንም ቤት እናስብ። የግቢው በር ፊት ለፊት ተነጥፎ ሲሰገድ ሰውዬው መኪናውን ማውጣት አይችልም። ውዱእ የሚያደርግ ሰው ውኃ ይለምነዋል፤ ሽንት ቤትም ይጠየቃል። ብዙዎቹ ያለ ምንም ቅሬታ ይሰጣሉ፤ ሃይማኖታቸው ሌላ የሆኑትም ጭምር። ባልዲ ውኃ በራቸው ላይ አውጥተው የሚያስቀምጡ ክርስቲያን ጎረቤቶችን ያላየ ከመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አንየው። እነዚህ ሰዎች የሚያስተናግዱት የእኛን በዓል ብቻ አይደለም። የደመራው በዓል፣ ከ2012 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚከበረው ኢሬቻ፣ ታላቁ ሩጫ፣ የድጋፍ ሰልፉና ኮንሰርቱ ሁሉ ወደዚያው አካባቢ ይመጣሉ። እኛ በዓመት ሁለት ጊዜ የምንሄድበት መንገድ በእነሱ ላይ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ እንቁጠር። በሌላው በዓል መንገድ ሲዘጋብን «ዛሬስ ተያዝን» ብለን የምናጉረመርም ከሆነ፣ እነሱ በእኛ በዓል ሲታገሡን ዋጋውን ማወቅ አለብን።

ገንዘቡ የሚሄደው ወዴት ነው?

ኢድ ለከተማው ንግድ ትልቅ ነው። ትርፉ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከበዓሉ በፊት ነው፤ ቦታውም ስታዲየም ሳይሆን መርካቶ ነው። በረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለውን ገበያ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። አባያና ሒጃብ፣ ጀለቢያና ኮፊያ፣ የልጆች ልብስና ጫማ፣ ተምርና ከረሜላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሸጣሉ። ልብስ ሰፊው እንቅልፍ ያጣል። ከዚያ ኢዱ ሲያልፍ ገበያው ጭር ይላል፤ ሰው የወሩን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ወር ገንዘብ አስቀድሞ አውጥቶታልና። ነጋዴው በአንድ ሳምንት ያገኘውን ትርፍ ለቀሪዎቹ ጭር ያሉ ሳምንታት የሚያብቃቃው ለዚህ ነው።

ዋጋ የሚወደደውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ብዙ ሰው አንድ ዕቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲፈልግ፣ ዕቃው ደግሞ በዚያው ፍጥነት ካልገባ፣ ዋጋው ይወጣል። የተወሰነው ጭማሪ የገበያ ጠባይ ነው፤ የተወሰነው ደግሞ ዕቃ ደብቆ ማቆየትና አጋጣሚ መጠቀም ነው። ሁለተኛውን ዲናችን በግልጽ ይከለክለዋል። ሸክሙ የሚያርፈው ለልጁ አንድ ሸሚዝ ለመግዛት በመጨረሻው ሌሊት የመጣው አባት ላይ ነው።

እዚህ ላይ የዘካተል ፊጥር ጥበብ ይታያል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚጠጋ እህል፣ ከሰላቱ በፊት እንዲያወጣ ታዟል። ጊዜው የተወሰነው የተቸገረው ሰው በዚያ ቀን ደጅ እንዳይጠና ነው። በዓሉ ዋጋ በሚያንርበት ሳምንት ገበያው የማያስበው ሰው በግዴታ ይታሰባል። ዘካውን ቀደም ብለን ካላወጣን ግን ይህ ጥቅም ይቀራል። ግቢ ውስጥ እየሰበሰብን በኢድ ዋዜማ ሌሊት የምንሯሯጥ ከሆነ፣ ተቀባዩ እህሉን አስፈጭቶ ለበዓሉ አያደርሰውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ይሆንልናል፤ የበዓሉ ትርፍና የበዓሉ ሸክም አንድ ሰው ላይ አያርፉም። መርካቶ ያለው የልብስ ነጋዴ ሲያተርፍ፣ መንገዱ የሚዘጋበት ስታዲየም አጠገብ ያለው ባለሱቅ ነው። «በዓሉ ለከተማው ይጠቅማል» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ግን የተጎዳውን ሰው አያጽናናውም።

ጨረቃ የምትወስነው ገበያ

የእኛ በዓላት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ቀናቸው ይንቀሳቀሳል። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ኢድ አልፈጥር በ2014 ሚያዝያ 24፣ በ2015 ሚያዝያ 13፣ በ2016 ሚያዝያ 2 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። በ2014 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 16 ነበር፤ በ2015 ደግሞ ሚያዝያ 8። ሁለቱ በዓላት በስምንትና በአምስት ቀን ልዩነት መጡ ማለት ነው። ሁዳዴና ረመዳን አብረው ሲጾሙ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ተዘግቶ ይከርማል፤ የቀን ምግብ ቤቶች ገበያ ይቀንሳል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሁለቱም ወገን በአንድ ሳምንት ልዩነት ወደ በግ ተራ፣ ወደ ዶሮና ወደ ቅቤ ገበያ ይወጣል። ዓመታት አልፈው በዓላቱ ሲራራቁ ይህ መደራረብ ይቀራል።

ሌላው የዋዜማው ነገር ነው። ረመዳን 29 ይሁን 30 የሚታወቀው ጨረቃዋ ከታየች ወይም ካልታየች በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ነው። እኛ ይህን በጉጉት እንጠብቀዋለን። ሳንቡሳ ጠቅልሎ፣ ኬክ ጋግሮ፣ ወተት አዝዞ የሚጠብቅ ነጋዴ ግን በአንድ ቀን ልዩነት ሊከስር ይችላል። የታክሲው ሾፌርም ሆነ ባለሱቁ «መንገዱ የሚዘጋው ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ?» የሚለውን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ማታ ነው። የበዓሉ ዜና እንደተሰማ ሙስሊም ላልሆኑ ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን ወዲያው መንገር ትንሽ የምትመስል ትልቅ ውለታ ናት።

አረፋ ሲሆን

በአረፋ ሸክሙ ከስታዲየም ወደ ሰፈር ይወርዳል። ሸጎሌና ካራ ያሉት የከብት ገበያዎች ይሞላሉ፤ ከገጠር በግና በሬ ነድቶ የመጣ ገበሬ የዓመቱን ገንዘብ ያገኛል። ቢላ የሚስለው፣ ገመድ የሚሸጠው፣ በጉን በትከሻው ተሸክሞ የሚያደርሰው ልጅ ሁሉ ይጠቀማል። ኡዱሂያው ሲታረድም ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለችግረኛ ይከፋፈላል፤ በዓመት አንድ ቀን ሥጋ የሚቀምስ ቤት ይደሰታል።

የሚቀረው ግን ደሙ፣ ፈርሱና ቆዳው ነው። ድሮ ቆዳ ሰብሳቢው በየደጁ እየዞረ ሲጣራ ቆዳ ዋጋ ነበረው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቆዳ ዋጋ በመውደቁ ከበዓል በኋላ ቆዳ በየቱቦውና በየቆሻሻ ገንዳው ተጥሎ ይታያል፤ ይህም በሁሉም ሃይማኖት በዓላት የሚታይ ነው። አረፋ በዝናብ መግቢያ ላይ ሲውል ደግሞ የተጣለው ፈርስ ቱቦ ይደፍናል፤ ጎርፉ የሚገባው ዝቅ ብሎ ባለው ጎረቤት ቤት ነው። በፊቅህ ትምህርታችን የኡዱሂያን ቆዳ ለአራጅ በደመወዝ መልክ መስጠት እንደማይፈቀድና ሰደቃ ማድረግ መልካም እንደሆነ ተምረናል። ዋጋ የለውም ብሎ መንገድ ላይ መጣል ግን ከሰደቃው ጋር አይሄድም። ጨው ነስንሶ ለሚረከብ ማቆየት፣ ካልሆነ በአግባቡ መቅበር ይቻላል።

የመንገድ ሐቅ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦቻቸው መንገድ ላይ ከመቀመጥ እንዲጠነቀቁ በነገሯቸው ጊዜ፣ ሰሐቦቹ መቀመጡ ግድ እንደሚሆንባቸው ገልጸው ነበር። ያኔ ነቢዩ የሰጡት መመሪያ ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡት ነው፤ ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል። ከመንገድ ላይ ሰው የሚያስቸግር ነገር ማንሳትንም ከኢማን ክፍሎች ቆጥረውታል። እኛም በኢድ ቀን መንገድ ላይ መቀመጥ ግድ የሆነብን ሰዎች ነን። ስለዚህ ይህ መመሪያ ለእኛው የተነገረ ያህል ነው።

የሚጠበቅብን ብዙ አይደለም፦

ከግቢ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ፌስታል እንያዝ። የራሳችንን ላስቲክና ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን በአጠገባችን የቀረውንም አንስተን እንመለስ። በኢድ ዋዜማ ክርስቲያን ወጣቶች ስታዲየሙን ሲያጸዱ፣ በጥምቀት ደግሞ የእኛ ወጣቶች መንገድ ሲያጸዱ አይተናል። ከሰላት በኋላ ያለው ጽዳት ግን የሌላ ሰው ሥራ መሆን የለበትም።

የግቢ በር፣ የሆስፒታል መግቢያና የአምቡላንስ መንገድ ላይ አንነጥፍ። አስተባባሪዎች «እዚህ ክፍት ይሁን» ሲሉ ቦታው ጠበበን ብለን አንከራከር። ሶፍ መሙላት ሱና ነው፤ የታመመን ሰው መንገድ መዝጋት ግን ሰውን ማስቸገር ነው።

ሄደን ስንመለስ መንገድ እንለውጥ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢድ ቀን በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ ይመለሱ ነበር። ሱናውን ስንከተል ሕዝቡ በአንድ አቅጣጫ ከመታፈንም ይድናል፤ ውኃውንና ቡናውን የምንገዛውም በተለያየ ሰፈር ካሉ ትንንሽ ሻጮች ይሆናል።

የጤና ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች በመጀመሪያ እርዳታ በጎ ፈቃደኝነት ተመዝገቡ። ሌሎቻችን አቅመ ደካሞችን ታክሲ እስከሚገኝበት ቦታ እናድርስ።

በመጨረሻም እናመስግን። ውኃ የሰጠንን ጎረቤት፣ መንገድ የሚጠርገውን ሰው፣ ሱቁን ዘግቶ የጠበቀንን ነጋዴ «እናመሰግናለን» እንበል፤ ከኢድ ምግባችንም እናቋድሳቸው። በ2014ቱ የኢድ አልፈጥር ሰላት ዕለት በስታዲየም አካባቢ ግጭት ተፈጥሮ ሰውም ንብረትም እንደተጎዳ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው ቀን ጥሎት የሚያልፈው ስጋት የሚጠገነው በመግለጫ ብቻ አይደለም፤ በየኢዱ ጠዋት ባለሱቁና ሰጋጁ በሚለዋወጡት ሰላምታም ጭምር ነው።

ባለሱቁ ያን ዕለት ስንት ሰዓት ሥራ እንደፈታ አልጠየቅነውም። ለሚቀጥለው ኢድ ግን ጀመዓችን ከሰላት በኋላ ለአንድ ሰዓት እዚያው ቆይቶ በእሱ ደጃፍ በኩል ያለውን መንገድ ሊያጸዳ ተስማምቷል። መምጣት የምትፈልጉ በየዶርማችሁ ላሉ የጀመዓ ተጠሪዎች ስማችሁን ስጡ፤ ፌስታሉን እኛ እናዘጋጃለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ) ዒባዳችንን ይቀበለን፤ በዓላችንንም ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ራሕመት ያድርገው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።